«ጠመንጃው የት ነው የሚቀመጠው?» እያሉ የኖሩት አዋላጅ እናታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን ከወፍጮ ቤት ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር አጠናቀው ነርሲንግ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በአዋላጅነት ተመርቀውም በሃያ ሁለት ዓመታቸው ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያው የሥራ ቀናቸው መንታ ገጥሟቸው «ሌላም አለ እንዴ?» ብለው በመጮኻቸው እናቲቱን ምጥ ላይ ሳለች እንዳሳቋት እየሳቁ ይነግሩን ነበር።

ከነዳጅ ቦቴ ሾፌሩ አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። አባታችን ለሥራ ከወጡ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆዩ ነበር። አንድ ጊዜ እሳቸው በሌሉበት ሌቦች የማድቤቱን በር ገንጥለው ገቡ። እናታችን ልጆቻቸውን አቅፈው አልጋ ሥር በመደበቅ ተረፉ። አባታችን ተመልሰው ይህን እንደሰሙ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ገዝተው መጡ፤ ጥይት አጉርሰውም ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ከሻንጣ ጀርባ አስቀመጡት።

«ልጆቹ ቢያገኙትስ?» አሉ እናታችን።

«እዚያ ላይ ማን ይደርሳል ብለሽ ነው? ባዶውን ካስቀመጥኩትማ ምን ይሠራልሻል? ተይኝ፣ መንገድ ላይ ልቤ ይረፍ።»

ነገሩ ባይዋጥላቸውም እዚያው እንዲቀመጥ ተዉት።

ቀጥሎ ያለውን እዚህ እንጻፈው ወይስ እንተወው ብለን ተጨንቀን ነበር። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው «ታሪኬ ሲነበብ ትንሿን ልጄን እንዳትዘሏት» ብለው አደራ ሰጥተውናል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጡ ሳለ፣ የሰባት ዓመቱ ወንድማችን የቁም ሣጥኑን መሳቢያዎች እንደ ደረጃ ስቦ ወጣና ጠመንጃውን አወረደው። የአራት ዓመቷ እህታችን ከሥር ቆማ ታየው ነበር። እናታችን ተኩሱን ሰምተው እርጥብ አንሶላ እንደያዙ ሮጠው ገቡ። የስንቱን ሰው ልጅ ያተረፉ እጆች የራሳቸውን ልጅ ሊያተርፉ አልቻሉም።

ወንድማችን ለወራት አፉን ዘጋ። እናታችን ፈረቃቸውን አስቀይረው ጠዋትና ማታ እጁን ይዘው ትምህርት ቤት ያመላልሱት ነበር። ጠመንጃው በፖሊስ ተወስዶ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ግን እኔ ታናሿ ተወልጄ ድክ ድክ ስል ጎረቤት ተዘረፈና አባታችን የመሣሪያን ነገር እንደገና አነሡ። በቤታችን ያን የመሰለ ጠብ ተነሥቶ አያውቅም። እናታችን በመጨረሻ «እሺ፣ ግን እኔ በምልህ መንገድ ብቻ» አሉ። ብረት በያጅ ጠርተው ከግድግዳው ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን አሠሩ። አዲሱ ጠመንጃ ሁልጊዜ ባዶውን እዚያ ይቆለፋል፤ ጥይቱ በሌላ ክፍል በሌላ ቁልፍ ይቀመጣል። ቁልፎቹ ከወገባቸው አይለዩም። «መደበቅና መቆለፍ ለየቅል ነው፤ ልጅ ፈልጎ የማያገኘው የተደበቀ ነገር የለም» ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የወለደች እናት ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ስለ ጡት አጠባብ ከመከሩ በኋላ «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? የት ነው የሚቀመጠው?» ብለው ሳይጠይቁ አይሸኙም ነበር። ብዙዎች ተቀየሟቸው። አንድ የመጋዘን ጥበቃ «ሲስተር፣ ሚስቴን አዋለድሽ፣ ተመስገን! ጓዳዬ ውስጥ ምን ዶለሽ?» ብሎ ጮኸባቸው። ኃላፊያቸውም «ሰው እያስቀየምሽብን ነው» ብለው ወደ ክትባት ክፍል አዛወሯቸው። እዚያ የሚመጡት ደግሞ መዳህና መቆም የጀመሩ ልጆች በመሆናቸው ጭራሽ ባሰባቸው፤ «ሲስተር ቁልፍ» የሚል ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው።

ያ ጥበቃ ልጁ ሮጦ መጫወት ሲጀምር ተመልሶ ክትባት ክፍሉ በር ላይ ቆመ። «ሲስተር፣ ትናንት ልጄ ጠመንጃዬን ከፍራሽ ሥር አውጥቶ እናቱ ላይ ደግኖ ምላጩን ስቦታል። እርስዎን የሰደብኩ ዕለት ቤቴ ገብቼ እልህ ይዞኝ ጥይቱን አውጥቼው ነበር። ባዶ ነበር፣ ሲስተር።» እናታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ተነሥተው የበያጁን አድራሻ ነገሩት።

ጡረታ ከወጡ በኋላ አባታችንን በሞት አጡ። እሳቸውም ላለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቀን ተናግሮ የማያውቀው ወንድማችን አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኮ «እማ፣ ይቅር ብለሽኛል?» አላቸው።

«ልጄ፣ የትልልቆቹን ጥፋት አንተ ነህ እንዴ ይቅርታ የምትጠይቀው?» አሉና ራሱን ደባበሱት። «እኔን ነው ይቅር ማለት ያለብህ።»

ሁለቱም አለቀሱ።

እናታችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የአንድ ወንድና የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ስጋት በማይደርስበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለወንድማችንም መጽናናቱን ያብዛለት።