ጣሪያዬ በሄደ በሦስተኛው ቀን

ግንቦት 15 ቀን 2010 ዓ.ም.

ከባሕር የመጣው አውሎ ነፋስ የቤቴን ቆርቆሮ ያለ ፓስፖርት ጅቡቲ አስገባው። እሺ፣ ድንበሩ ላይ ያለችው ደወሌም አልደረሰም፤ የጎረቤቴ የፍየል በረት ላይ ነው ያረፈው።

ዛሬ የቀበሌዋ ጸሐፊ ጉዳት ልትመዘግብ መጣች። እንደለመደችው የአሻራ ቀለሟን ከፍታ፣ «አዴር፣ ጣትዎን ይስጡኝ» አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

«ጣቴ ለምሳ ነው የሚያገለግለኝ። እስክሪብቶ አምጪ! ፊትሽ የቆመው የማታ ትምህርት የጨረሰ ሰው ነው።»

ስቃ ቅጹን ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ። «የቤተሰብ ብዛት» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ።

«ለጣሪያ የመጣው የእርዳታ ሸራ ጥቂት ነው፤ ቅድሚያ ለባለቤተሰብ ነው» አለች ቀስ ብላ። ፍንጭ እየሰጠችኝ ነበር። ባለቤቴ ሆዳን ተኮራርፈን ደገሀቡር ወንድሟ ዘንድ ከሄደች ዓመት ሆኗታል። ሁለት ብል ማን ያጣራል? ግን በገዛ እጄ የሞላሁት የመጀመሪያ ቅጽ ነው፤ በውሸት ልጀምረው አፈርኩ። «አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ሸራው ሳይደርሰኝ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ሆዳን ደወለች። «ነፋሱ ቆርቆሮውን ወስዶ አንተን ተወህ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ፣ «ልምጣ እንዴ?» አለችኝ።

ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። ቅጹ ላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ሆዳን አልደወለችም።