ጾም ገደፈች ያሰኘኝ ቸኮሌት

አባ በሉልኝ! ያውም ሁለት! እህትህ ጥሩነሽ ዓይኗ እያየ፣ የነፍስ አባታችን ቸኮሌቴን ባርከው በሉልኝ!

ሙላቴ፣ ደስታው ሰላምታዬን አስረሳኝ፣ አትቀየመኝ። ወባ ከጎኔ ከነጠቀችህ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እኔና ልጅህ ሳባ ደኅና ነን። መተማም ያው እንደምታውቃት በሙቀት ትነዳለች። እህትህ ግን ካንተ በኋላ ብሶባታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳባ ከስልኳ ያየችውን፣ ምድጃ የማይፈልገውን ቸኮሌት ለገና ድግስ እንሥራ አለችኝ። ታስታውሳለህ አይደል? አንተ እያለህ በቅቤ ሠርተነው ቀልጦ ሾርባ ሲሆን፣ በማንኪያ እየጠጣህ «ጎበዝ፣ ሚስቴ ወጥ አሳምራለች!» ብለህ እንግዳ አሳቅህብኝ። ያን ዕለት አኩርፌህ ነበር፤ ዛሬም አልተውኩልህም።

ዘንድሮ ቅቤ የሚባል አላስጠጋሁም። ጾምም አይደል? የራሳችንን ሰሊጥ ቆልቼ ዘይቱ እስኪወጣ ወቀጥኩ። በብስኩት ፈንታ ዳቦ ቆሎ አደቀቅኩ። ካካዎና ስኳር ጨምሬ አሸሁት፣ እንደ ሎሚ አድበለበልኩት። ረጋ! በዚህ ሐሩር ረጋ!

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ጣቴን የላስኩት። እህትህ ሳታንኳኳ ገባች። ምን ገባበት ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ በቀጥታ ወፍጮ ቤት ሄዳ፣ «የሙላት ሚስት በጾም ቸኮሌት ስትልስ ያዝኳት! ባሏ ሲሞት ጾሙም አብሮ ሞተባት!» አለች። ሰው ሰላምታ ነሳኝ። ይባስ ብላ ሽንፋና ገለጉ ላሉት ዘመዶችህ ደውላ፣ «ጾም የገደፈች ሴት ቤት ገና አይዋልም፣ እኔ ዘንድ ኑ» አለቻቸው። ድሮም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ዘመድ ካንተ ቤት እግሩን እንዲያወጣ! ሳባ አለቀሰች። እኔ ግን ነደድኩ። አንተንም ሳይቀር ተራገምኩ፤ ዕድሜህን ሙሉ «ታላቄ ናት፣ ተያት» እያልክ ያጠገብካት አንተ ነህ!

ትናንት ማኅበር ላይ ሁሉም እህል ከቀመሰ በኋላ ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ። በሰው ሁሉ ፊት፣ «አባቴ፣ ኃጢአቴ ይኼውና፤ ይመርምሩት» አልኳቸው። ምን እንደገባበት ጠየቁኝ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ይሄ ከሰሊጥ ፍትፍት በምን ተለየ?» አሉና ባርከው ጎረሱ። ደገሙ።

ጥሩነሽ አላስቻላትም። «ቢሆንም አባ፣ ስሙ ቸኮሌት ነው!»

«እንግዲያው አንቺ ስሙን ጹሚ፣ እኛ እንብላ» አሏት። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ! ሳህኑ ሲመለስልኝ ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈውም። ወፍጮ ቤት ያሙኝ ሴቶች አሠራሩን ሲጠይቁኝ አልነገርኳቸውም። ይለምኑኝ ገና።

ዛሬ ጠዋት ከገለጉ ተደወለ፤ እንደ ወትሮው አንተ ቤት ነን አሉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፣ ዓለሜ። እኔ እስካለሁ ገና ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ማዕዱ ሲባረክም አስቀድሞ የሚነሣው ስም ያንተ ነው።

እህትህን ይቅር አላልኳትም። ግን የወንድሟ ቤት ነውና ትምጣ፤ ሳህኑን ከእጄ ትቀበል፤ እያየኋት ትጉረስ። ለሌላውም ጥሪዬ ይኸው፤ ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ የሽንፋም የገለጉም፣ ወፍጮ ቤት ቆማችሁ ያማችሁኝም ጭምር፣ የገና ዕለት ከቅዳሴ መልስ ሙላት ቤት! የቀረ ወዮለት!