የመምህርት አስካለች ዋቆ የካርቶን አውቶቡስ

መምህርት አስካለች ዋቆ ረቡዕ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት አምቦ ላይ በሕክምና ሳሉ ሲያርፉ፣ ባለቤታቸው ኦቦ ዓብዲሳ ኦሊቃና ልጃቸው ዶርቃስ ከአልጋቸው አጠገብ ነበሩ።

መምህርት አስካለች ከአባታቸው ከኦቦ ዋቆ ወሰኑና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቂቱ ኢፋ በ1960 ዓ.ም. በእጃጂ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን አምቦ ከተማሩ በኋላ በመምህርነት ሠልጥነው በ1981 ዓ.ም. ባኮ ላይ ሥራ ጀመሩ። በ1985 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሃዋኒንና ዶርቃስን ወለዱ። ኑሯቸውን ጉደር አድርገው፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀኑ እየተመላለሱ አምቦ ላይ አንደኛ ክፍል አስተማሩ። ጠዋት በሚኒባስ ተጨናንቀው ይመጣሉ፤ ሲያስተምሩ ቆመው ይውላሉ፤ ማታም መቀመጫ ካላገኙ ጎንበስ ብለው ቆመው ይመለሳሉ።

ከሁሉ የሚያደክማቸው ለሕፃናት መቀነስን ማስተማር ነበር። ሰሌዳ ላይ አምስት ዶሮ ስለው ሁለቱን ሲሰርዙ፣ ልጆቹ የተሰረዙትንም ቆጥረው «አምስት» ይላሉ፤ ዶሮዎቹ እዚያው ይታያሉና። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. ከብስኩት ካርቶን አውቶቡስ ሠሩ። በየመስኮቱ የሰው ፊት የተሳለበት ወረቀት ይሰካል፤ ሰው ሲወርድ ወረቀቱ ይነቀላል።

በመጀመሪያው ቀን «ከባኮ አምስት ሰው ተሳፈረ፤ እጃጂ ላይ ሁለቱ ወረዱ። ስንት ቀረ?» ብለው ጠየቁ።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አምስት!» አለ።

መምህርት አስካለች ጥያቄውን ሊደግሙ ሲሉ፣ መቲ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። «ባርሲስቱ» አለች፣ መምህሯን በኦሮምኛ ጠርታ፤ «ረዳቱ ሌላ ሁለት ሰው ሳይጭን ይሄዳል እንዴ?»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በዚያ መንገድ ባዶ ወንበር ይዞ የተነሣ መኪና እሳቸውም አላዩም። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ሲጀምሩ «ዛሬ ረዳቱ ታሟል፤ የሚወርድ እንጂ የሚሳፈር የለም» ይሉ ነበር። ልጆቹም «ይማረው!» ብለው ይቀንሳሉ።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመም አደከማቸው። ሐኪም ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ። ኦቦ ዓብዲሳም «አንቺ ሴትዮ፣ አይበቃሽም?» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ልጆቹን ያለ መምህር ጥሎ መቅረት አልሆነላቸውም። «ተተኪ ይምጣና በማግስቱ እቀመጣለሁ» አሉ። ይመጣል ተባለ። መስከረም በጠባ ቁጥር ይመጣል ተባለ።

በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ ክፍል ውስጥ ወድቀው አልጋ ያዙ። ዶርቃስ በገባች ቁጥር የሚጠይቋት አንድ ነገር ነበር።

«ሰው መጣ?»

«ገና ነው፣ እማዬ።»

ማክሰኞ ዕለት የካርቶኑን አውቶቡስ ወስዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እንድትሰቅለው ላኳት። ሰቅላው ተመለሰች። በማግስቱ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተውልናል። እነሱን ጌታ ያጽናልን፤ ለእሳቸውም ለደከመው እግራቸው በቤቱ መቀመጫ ይስጥልን።

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት የአንደኛ ክፍል ልጆች ገብተው ተቀምጠዋል። ተተኪ መምህር አልተመደበም።