ለውሃ ገራፊው

ይድረስ ለወዳጄ፣ ባሌ አገር፣ ዲንሾ።

ለመሆኑ ደህና ነህ ወይ? ያ የዲንሾ ብርድ እንዴት ያደርግሃል? ጉልበትህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይስ ዛሬም እንደ ልማድህ እስከ ጭንህ ውሃ ውስጥ ቆመህ ትውላለህ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰውአገኝም ደህና ነው፤ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አፉ አያርፍም፣ ጫማም አይበረክትለትም። የደብራችን ቄስ ደግሰውም ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አሉ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቶ ተከዜ መደፍረስ ጀምሯል። ወግ ነውና ይህን አስቀደምኩ፤ አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፣ ከዘገየሁ ድፍረቱ ይከዳኛል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስልክ አታነሺም ብለህ በወረቀት ጻፍክልኝ፤ እኔም ድምፅህን ከሰማሁ የምለው ስለሚጠፋኝ በወረቀት መለስኩ። ልጁን ይዘሽ ነይ፣ እዚህ የሚያውቀን የለም፣ ባልና ሚስት ሆነን እንኖራለን ብለኸኛል። ስለ ዓሣውም ጽፈሃል፤ ትራውት የሚሉት ነጠብጣባም ዓሣ የዚያ አገር እንዳልሆነ፣ ድሮ ከውጭ አምጥተው ወንዙ ውስጥ እንደጨመሩት፣ ዛሬ ተዋልዶ ውሃውን እንደሞላው። እሱ ከለመደ እኛም እንለምዳለን አልክ። አይ አንተ፣ መቼም ዓሣ ሳትጠራ ነገር አይሆንልህም! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ዓሣው እኮ ክርስትና አንሥቶ አልሄደም፣ ወዳጄ።

ታስታውስ እንደሆነ መጀመሪያ ደጄ የመጣኸው ለላባ ነው። የቀዩን አውራ ዶሮዬን የአንገት ላባ ትለምነኛለህ፣ መንጠቆ ላይ በክር እያሰርክ ዝንብ ታስመስለዋለህ። ዶሮዬ አንገቱ ተራቁቶ የመንደሩ መሳቂያ ሆነ። በበጋ ዓሣ ሊያጠምዱ የሚመጡ ፈረንጆችህን ይዘህ ተከዜ ስትወርድ ሰው ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰብስቦ ያያችኋል፤ ያንን ረጅም ገመድ በአየር ላይ እያወዛወዝክ ውሃው ላይ ስትጥለው አይተው ውሃ ገራፊው አሉህ። መያዙንስ ይያዝ፣ ይዞ መልቀቅ ምን የሚሉት ነው እያሉ ይስቁብህ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። የልጄ አባት ነፍሰ ጡር ሆኜ ጥሎኝ መተማ ወርዶ በሽማግሌ የፈታኝ ሰሞን ነበር፤ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ ካንተ በቀር ማን ነበረኝ? ልጁ ይወለድ፣ አርባው ይውጣ፣ ሽማግሌ እልካለሁ አልከኝ። እኔም እሺ አልኩ። ያን ዕለት ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ያ ሐምሌ መጣ። ልጁ በተወለደ በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ፈረንጆች ዕረፍታችን አሁን ነው ብለው በክረምት መጡብህ፤ ውሃው ደፍርሶ ጠላ መስሏል። በደፈረሰ ውሃ ዓሣው ዝንቧን አያያትም ብለህ ቤተ ክርስቲያኖቹን እንዲያዩ ላክሃቸውና ብስብስ እንዳልክ፣ ዘንግህን እንደያዝክ እኔ ቤት ደረስክ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ጡት እምቢ ብሎ እሳት ሆኖ ነበር። ጎረቤቴ አመተ ሥላሴ ደረቱን ዳስሳ ይሄ ልጅ ሳይጠመቅ ሊያመልጠን ነው ብላ ጮኸች። ክርስትና ያነሣዋል የተባለው አጎቴ ከፋለ ሙጃ ከተማ ነው ያለው፤ የመንደሩ ወንድ ደግሞ ለቀብር ማዶ ተሻግሯል። ልጁን በጋቢ ጠቅልለህ ሮጥክ። እኔ አራስ ነኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ማለፍ አልችል፤ ከቅጥሩ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እኔ አነሣዋለሁ ያልኩ ዕለት ምነው አፌን በቆረጠው እያልክ አራት ዓመት ራስህን ስትረግም ኖርክ። አሁንም ጽፈኸዋል። ስማኝ እንግዲህ፣ እንዲህ አይደለም የሆነው። ቄስ ደግሰው ክርስትና የሚያነሣው ማነው ብለው መጀመሪያ በሩ ድረስ መጥተው የጠየቁት እኔን ነው። አንተ ልጁን ታቅፈህ ጥግ ይዘህ ስለነበር አልሰማህም። የደብሩ ዘበኛ አረጋ አጠገባቸው ቆሟል፤ አረጋ ያንሣው አሉኝ። አይሆንም፣ እሱ ያንሣው ያልኩ እኔ ነኝ፣ አንተን በጣቴ እያሳየሁ። የኛን ነገር ሰምተው ኖሮ ይሆን? ደግመው ጠየቁኝ፣ ደገምኩላቸው። አንተ ጋ ሲመጡ ቀና ብለህ አየኸኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩልህ።

ለምን አትለኝም? የሚሞት ከሆነ በአንተ እጅ ላይ ይሙት፣ የሚተርፍም ከሆነ ካንተ ሌላ አባት አይኑረው ብዬ ነዋ! ክርስትና አባትና የልጁ እናት እንደማይጋቡ አላውቅም ነበር አልልህም፤ ከሕፃንነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ከራሴ ጠፋ። አንተን ለልጄ ሰጥቼ ለራሴ አጣሁህ።

በማግስቱ ጤና ኬላ ስንወስደው ነርሷ አዳምጣ ጉንፋን ነው አለች። ጉንፋን! በሦስተኛው ቀን ጡቴን እንደ ጥጃ ይመጠምጥ ጀመር። ደስ አለኝ፣ እግዜር ያውቃል ደስ ብሎኛል። ግን ቄስ ደግሰው እንግዲህ አበልጅ ናችሁ፣ አደራ ሲሉን ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። አርባው ወጣ፣ ሽማግሌው ቀረ፣ አንተም አገር ለቀህ ሄድክ።

አሁን የምነግርህን አትቆጣኝ። ልመጣ ተነሥቼ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ለአመተ ሥላሴ ፀበል ልሄድ ነው ብዬ ዋሽቼ፣ ለልጁ አዲስ ጫማ አድርጌለት ከላሊበላ በጠዋቱ መኪና ተሳፈርን። በሠላሳ አንድ ዓመቴ ልቤ እንደ ኮረዳ ሲመታ ራሴን ታዘብኩት። አጠገባችን ነአኩቶ ለአብን ተሳልመው የሚመለሱ አንዲት እማሆይ ተቀምጠዋል። የት ትሄዳለህ ልጄ ቢሉት ሰውአገኝ ክርስትና አባቴ ጋ፣ እሱ ዓሣ ይዞ ይለቃል፣ እኔንም ያስተምረኛል አላቸው። መኪናው ሁሉ እስኪዞር ጮኾ ነው ያለው። ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ልጆች አባት የለህም ሲሉት የሚመልሰው ይህችኑ ብቻ ነው። እማሆይ ራሱን ዳብሰው የታደልክ አሉት። ወደ እኔ ዞረው አበልጅሽ ደህና ናቸው ወይ አሉኝ። አዎ፣ ደህና ናቸው አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ጋሸና መገንጠያ አበልጅሽ ያሉኝን ሳሰላስል ሄድኩ። ዲንሾ ስንደርስ ክርስትና አባቴ አትበል፣ አባዬ በል ልለው ነው? ለሰውስ እንዋሽ፤ ለሱ እንዴት አድርገን እንዋሻለን? አንድ ቀን አድጎ ለነፍሴ ብላችሁ ያደረጋችሁትን እናንተው አፈረሳችሁት ቢለን ምን እንመልሳለን? ጋሸና ላይ ዕቃችንን አስወረድኩ። ልጁ አለቀሰ፣ ረዳቱም ተቆጣኝ። የላሊበላ መኪና እስኪገኝ በዚያ ንፋስ መንገድ ዳር ቆመን ዋልን። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ባለፈ ቁጥር እግሬ ይነሣ ነበር፣ አልዋሽህም።

እንግዲህ አትጠብቀኝ። ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም። ሚስት አግባ። እዚያ አገር ደህና ሴት አታጣም፤ ላባ የምትሰጥህ ብቻ አትሁን፣ እሱን እንኳ ለኔ ተውልኝ። ልጁን ግን አደራ። ለጥምቀት ና። በቀን ና፣ ሰው እያየህ ና፤ ደጃፉ ላይ ቆመህ እቀፈው። እኔ ጓዳ እሆናለሁ።

የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ከውሃ ሙላት፣ ከዚያ አገር ውርጭም ይጠብቅዎ። ቤትዎን ይባርክልዎ፣ ልጅም ይስጥዎ። ሰውአገኝ ጉልበትዎን ይስማል።

አበልጅዎ