ያልተሸፈነው የሰዒድ ፊት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017

የባለቤቴን የሰዒድን ፎቶዎች ያቃጠልኳቸው እኔ መሆኔን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ተጣልተን በንዴት ነበር፤ ሳንታረቅ ሞተ። ልጃችን ዘይነብ ያኔ ጨቅላ ነበረች፤ ቤት ስንቀይር የጠፉ ይመስላታል።

በጎረቤታችን የድሮ የሰርግ ቪዲዮ ውስጥ ሰዒድ ሳህን ተሸክሞ ሲያልፍ ለቅጽበት ዞሮ ይስቃል። ቪዲዮውን ባቆመው ይደበዝዛል፤ ስክሪንሾት ላነሳ ስል ደግሞ የማንሻው መስኮት ብቅ ብሎ ፊቱን ይሸፍንብኛል። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተሬ ስለሚሠራበት ሲስተም፣ ስለ ሊኑክስ፣ ሳነብ ሰነበትኩ። ዛሬ ጠዋት ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ፣ ምንም መስኮት ሳያወጣ ምስሉን የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ከሁለት ቁልፎች ጋር አገናኘሁ። ዞር ሲል ተጫንኩ። ድምፅም ብልጭታም የለውም። ፎልደሩን ስከፍት ሙሉ ፊቱ፣ ከነፍንጭቱ! ብቻዬን ሳቅኩ።

ወዲያው ወደ አብነት ሰፈር ሄድኩ። ኮምፒውተሩን የሸጠልኝ ሸምሱ ፎቶውን ሊያትምልኝ ሲል እንዴት እንዳነሳሁት ሰምቶ፣ "እትዬ ዘሀራ፣ ይህን ብቻዎን ከሠሩማ ሱቅህን ዝጋ በሉኛ" አለኝ።

"መጀመሪያ አትምልኝ፣ ከዚያ ትዘጋለህ" አልኩት።

ዘይነብ ስታየው "ሌሎቹስ የት ሄዱ?" ማለቷ አይቀርም። በአፌ ልነግራት አልችልም። ከፎቶው ጋር እነዚህን ገጾች የምትቀበለው እሷ ናት።