አሸናፊ ይቆያል

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

አራተኛው ሳጥን አልበራም። ሳሙኤል እንደገና ፈታው። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ከሳጥኑ ጋር የሚሰጠውን የአጠቃቀም ወረቀት እጽፋለሁ። ሦስቴ ጻፍኩ፣ ሦስቴ ቀደድኩ።

አዲስ ደብተር ነህና ባጭሩ፦ ሳሙኤል (ከእንግዲህ ሳ.) ታናሽ ወንድሜ ነው። መሃል ከተማ ሃያ ዓመት ቴሌቪዥን ጠገነ። አሁን ጥገናውን ትቶ የጌም ሳጥን ይሠራል። ሳጥኑ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ሁለት ሰው ሁለት ጆይስቲክ ይዞ የከተማችንን በሚመስል ሐይቅ ላይ ጀልባ ይሽቀዳደማል። ጉማሬ የነካ ይሰምጣል። ዕቃ የገዛው ለሠላሳ ሳጥን ነው፤ ጥሪቱ በሙሉ እዚያ ገብቷል። ከመሞከሪያው ሳጥን በቀር ቺፑ አንዴ ከተጻፈ አይታረምም። እንደ ታተመ ጋዜጣ።

ወረቀቱ ያስቸገረኝ ለማን እንደምጽፍ ስለማላውቅ ነው። ሳ.ን ጠየቅሁት። ለሁሉም ነው አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ፤ “ሁሉም” የሚባል አንባቢ ገጥሞኝ አያውቅም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 10፡00

ሐያት መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የድሬዳዋ ልጅ። ሳጥኑን ከጅምሩ ከነጓደኞቿ የምትፈትነው እሷ ናት። ያገኘችውን ስህተት ሁሉ ጽፋ ታመጣለች። ዛሬ ዘጠኝ። ጉማሬዎቹ ቀርፋፋ ናቸው፣ ሁለት ቁልፍ አይበቃም፣ ሌላም ሌላም። ሳ. እስክሪብቶ ይዞ እንደ ተማሪ ይሰማታል። እስካሁን ያሸነፋት የለም። እኔን ወዲያው አሰጠመችኝ።

“አቦ እትዬ ሙሉ፣ ጀልባ ነው እንጂ ጋሪ አይደለም!”

ከልቤ ሳቅሁ። ግን ሁለተኛ አልተቀመጥኩም። ለምን እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

መናኸሪያ፣ ሐጂ ከድር ሱቅ። ሐጂ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይሸጣሉ። ሠላሳውንም ሊወስዱልን ተስማምተዋል፤ መጀመሪያ ግን ሰው ሲጫወት ልይ አሉ። የመሞከሪያውን ሳጥን በራቸው ላይ ተከልን። ሕጉ የጌም ቤቱ ሁሉ ሕግ ነው፦ አሸናፊ ይቆያል፣ ተሸናፊ ይነሳል። ሳ. ጨዋታውም ውስጥ አስገብቶታል። ሌላ ሕግ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። እኔም ጭምር።

ሐያት 3፡00 ላይ ተቀመጠች። 6፡00 ላይም ተቀምጣለች። ጩኸት፣ ፉጨት። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ቆሜያለሁ፤ የቆየ ልማድ ነው። እናት ከነልጇ፣ ግማሽ ደቂቃ። ባጃጅ ነጂ፣ ከዚያም ያነሰ። አንድ ሽማግሌ ጆይስቲኩን ገልብጠው እንደያዙ ሰመጡ። ሁሉም ስቀው ሄዱ። የተመለሰ የለም።

ሳ. ፊቱ በርቷል። ሐጂ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

“ወ/ሮ ሙሉ፣ ይህች ልጅ ትገዛለች?”

ተማሪ ናት፣ በምን አቅሟ አልኳቸው።

“እንግዲያው የሚገዛውን እያስነሳችብኝ ነው።”

እስከሚመጣው ቅዳሜ ካልተስተካከለ አይወስዱም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ከሳ. ጋር ተጨቃጨቅን። እሱ፦ እነሐያት ባይኖሩ ሳጥኑ የሕፃን መጫወቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ስሙን በከተማው ያስጠሩትም እነሱ ናቸው። እውነት ነው። እኔ የጋዜጣውን ነገርኩት። የፊት ገጽ መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ነው፣ የውስጡ እስከ መጨረሻ ለሚዘልቅ። ደብዳቤ የሚጽፉልን ሁለተኞቹ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ አንባቢ ማለት እነሱ ብቻ ይመስሉን ነበር። የፊተኞቹ ቅሬታ አላሰሙም። ዝም ብለው መግዛት ተዉ።

ሳ. ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሕጉን ገለበጥነው። ሐሳቡ የእኔ። ተሸናፊ ይቆያል፣ አሸናፊ ይነሳል። ሐጂ ሱቅ ሞከርነው። አንድ ሰዓት በሰላም ሄደ። ከዚያ ሐያት ነቃች። ወንበሩን ላለመልቀቅ ጀልባዋን ቀጥ አድርጋ ጉማሬው ላይ ነዳች። ጓደኛዋ ቀደማትና ሰመጠ። ከዚያ በኋላ ፉክክሩ ማን ቶሎ ይሰምጣል ሆነ። ሐጂ ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እያፈርኩ።

ሳ. ሳጥኑን ነቅሎ፣ ሳይጠብቀኝ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ። ዓሣ የምታጸዳልኝ ማርታ ቅዳሜ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከሰመጡት አንዷ ነበረች ለካ። ቢላዋዋን ሳታቆም ጠየቀችኝ።

“ወንድምዎ ጀልባ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?”

አያውቅም አልኳት። እኔም አላውቅም።

“ታዲያ ዓሣ የሞላው ጀልባና ባዶው እኩል ይሮጣል እንዴ? የኛ ሰዎች ብዙ ሲይዙ እኮ እየተጎተቱ ነው የሚመጡት።”

ዓሣዬን ተቀብዬ በቀጥታ ሳ. ዘንድ። አሸናፊ ይቆይ፤ ግን ባሸነፈ ቁጥር ጀልባው ዓሣ ይጫንና ይክበድ አልኩት። ሳ. ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሐጂ ሱቅ። ሐያት አምስት ጊዜ አሸነፈች። ከውሃው በላይ የቀረው የጀልባዋ አፍንጫ ብቻ ነው። ስድስተኛዋ ማርታ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ። አሸነፈች! ሱቁ ተናወጠ። ባጃጅ ነጂው ሁለቴ ተመልሶ ተሰለፈ። አንዲት እናት ዋጋ ጠየቀች። ሐጂ እሺ፣ እወስዳለሁ አሉ።

ሐያት ጆይስቲኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

“ጋሽ ሳሚ፣ ይሄ እኮ ማሸነፍ አይደለም። በጎበዝኩ ቁጥር ልቀጣ ነው?”

ጭነት የሌለበት ጨዋታም ይግባልን አለች። ሳ. ቺፑ ቦታ የለውም አላት። በእርግጥም የለውም። ጓደኞቿን አስከትላ ወጣች።

ልጅቱ ትክክል ናት፣ ደብተሬ። ጭነቱ የሚያርፈው ብዙ በለፋው ላይ ነው። ማርታም ትክክል ናት። ይህን ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ እችላለሁ፤ አንድ ሳጥን ውስጥ ግን አልገባ አለ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡00

ሳ. የሠላሳውን ቺፕ ከመጻፉ በፊት እኔን ጠየቀኝ። እታለም፣ ግማሽ በግማሽ ብናደርገውስ አለ። አስራ አምስቱ በጭነት፣ አስራ አምስቱ ያለ ጭነት። ፊቱን አይቼ እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም። ግን ሐጂ ሁለት ዓይነት አይወስዱም፤ ያለ ጭነት የሆኑት መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ፤ እነሐያትም አይገዟቸውም። አይሆንም አልኩ።

ተወሰነ። ሠላሳውም በጭነት።

ሳ. ለሐያት እደውልላታለሁ ይላል። ስልክ አይሆንም። ይህን ሁሉ ጊዜ በነፃ ስህተት ስትለቅምልን የከረመች ልጅ ናት። 8፡00 ላይ ዩኒቨርሲቲው በር እኔው እሄዳለሁ። ላንቺም ታስቧል አልላትም፤ አልታሰበም። ለማን እንደተሠራ እነግራታለሁ። ከዚያ የምትለኝን እስክትጨርስ ቆሜ እሰማለሁ።