«እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቴን ማስረጃ ላደረጉት ዳኛ

ይድረስ በሮማ ከተማ የቤተሰብ ክርክር ለሚዳኙት ክቡር ዳኛ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ዓይንዎ ደኅና ይሁንልኝ፤ የሕፃን ቀለብ በዚያ ጥራት ቀንሶ የሚጽፍ ዓይን ሊደክም አይገባውም። እኔ የኤሌኖራ አያት ለተንኪኤል ነኝ፤ ፖንቴ ማሞሎ የምኖር፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ሽማግሌ ሳስታምም ቆይቼ ፊደል በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የቆጠርኩ። በገዛ እጄ ስለምጽፍ መስመሩ ቢጣመም ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ነገሩ ግን አልተጣመመም።

፩ኛ. ልጄ ፍቅር ከጃኮፖ ስትፋታ፣ ለኤሌኖራ በወር ሦስት መቶ ዩሮ ቀለብ እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር። እርስዎ ግን መንግሥት ለልጆች የሚከፍለውን አሴኞ የሚባል ድጎማ፣ ሁለት መቶ ዩሮ፣ አባትየው ከሚከፍለው ላይ ቀንሰው መቶ ብቻ አስቀሩለት። ለሕፃን የተሰጠ እርዳታ አባትን እንዲህ ሲረዳ በማየቴ አመሰግናለሁ። ጃኮፖም ፒኜቶ ሰፈር ላለው መጠጥ ቤቱ አዳዲስ ወንበሮች ገዝቷል፤ ያምራሉ።

፪ኛ. ለውሳኔዎ ምስክር ያደረጉት እኔን ነው። በችሎት ልጅቷ እንዴት ናት ብለው ቢጠይቁኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም አልኩ። ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ደኅንነት ሲጠይቅ የሚመለሰው ይህ ነው፤ ባሌን ቀብሬ የተመለስኩ ዕለትም ይህንኑ ብያለሁ። አስተርጓሚው አንድ ቃል ሳይጥል ተረጎመው፤ በውሳኔው ሦስተኛ ገጽም አያቷ ራሷ ምንም እንዳልጎደለ አረጋግጣለች ተብሎ ተጻፈ። በጣቴ እየተከተልኩ ሳነበው ማንበብ መማሬን ረገምኩ።

፫ኛ. የጎደለው መነጽር ነው። ኤሌኖራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሰሌዳው አይታያትም፤ መምህሯም ሰነፍ ሆናለች ይላሉ። የልጄ የፍቅር ደመወዝ ከቤት ኪራይ አያልፍም፤ መነጽሩ የሚገዛው ከዚያ ቀለብ ነበር። ጽሕፈት ፊት ተቀምጦ ጥቁር ጭረት ብቻ ማየት ምን እንደሆነ ከእኔ ወዲያ የሚያውቅ የለም። እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመት ታግሻለሁ፤ በእሷ ግን አንድ ቀን አልታገሥም።

ስለዚህ ልጄ ያቀረበችው ይግባኝ ሲሰማ ያ ቃሌ ተሰርዞ በምትኩ ጎድሎብናል ተብሎ ይጻፍልኝ።

ወንበርዎ የተደላደለ፣ ምሳዎ የሞቀ፣ የልጅ ልጆችዎ ዓይን የጠራ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ለተንኪኤል፣ ያለ አስተርጓሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኤሌኖራ በትምህርት ቤቷ ለአባቶች ቀን የሳለችውን ካርድ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ቀለቧን የሚከፍለው መንግሥት ከሆነ ካርዱም የሚገባው ለመንግሥት ነው። የአባትየው ፊት ስለደበዘዘ አይቀየሟት፤ አጥርታ አታይም።